ከሥዕሉ በስተኋላ ያለው ጽሕፈት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኮምፒዩተር ክበብ ስም የተነገረ)



 ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ስለሚሠራ ሥዕልና ያን ሥዕል ስለሚያስገኘው ጽሕፈት፣ ማለት ስለ ኮድ ውበት ነው። «ኮድ ደግሞ ምን ውበት አለው? የቁጥርና የምልክት ክምር አይደለምን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲሁ እንል ነበርና። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ኀፍረት ነው። ስለዚህ ከኀፍረታችን እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት በተደረገው የተማሪዎች ሥራ ኤግዚቢሽን ላይ ክበባችን አንድ ትልቅ ሥዕል አቅርቦ ነበር። እንደ አበባ የተከፈተ፣ ከመካከሉ እየተጠማዘዘ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ ሰማያዊና ወርቅማ ቀለም የተቀባ ሥዕል ነው። ያየው ሁሉ አደነቀው፤ አንደኛም ተብሎ ተሸለመ። በሁለተኛው ቀን ግን በሽመና ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት፣ የአንዱ ጓደኛችን ወላጅ፣ በሥዕሉ ፊት ብዙ ጊዜ ቆሙ። ኋላም ጠሩንና «ልጆቼ፤ እኔ ጥለት ስሠራ ድሩን ቆጥሬ ነው፤ እዚህ ጋ ይህን ያህል፣ እዚያ ጋ ያን ያህል ብዬ ነው። እናንተ ይህን ስንት ስንት ቆጥራችሁ ሠራችሁት?» ብለው ጠየቁን። «አባባ፤ የቆጠረው እኮ ኮምፒዩተሩ ነው» አልናቸው። «እሱስ ገብቶኛል፤ እንዲህ አድርገህ ቁጠር ብሎ ያዘዘው ማን ነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር ኮዱን የጻፍነው እኛ አይደለንም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን «የሚያምር አበባ የሚሥል ፕሮግራም ጻፍልን» ብለን አዝዘን፣ የሰጠንን ሦስት መቶ ያህል መስመር አንዱንም ሳናነብ ገልብጠን ያሠራነው ነው። እኚያ አባት አልተቆጡንም፤ «ደግ፤ በርቱ» ብለው ብቻ ሄዱ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። በማግሥቱ ሽልማቱን ለመምህራችን መለስንና ኮዱን ማንበብ ጀመርን።

ንባቡ አራት ሳምንት ያህል ፈጀ። በውስጡ አንድ ዓይነት ሥራ በሦስት ቦታ በሦስት ልዩ ልዩ ስም ተጽፎ አገኘን። አንድ ሙሉ ክፍል ደግሞ ከሌሎቹ ማንም ሳይጠራው፣ እንግዳ እንደማይገባበት ሳሎን ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ብንሰርዘው ሥዕሉ ምንም አልሆነም። የአበባው ቅጠሎች ለምን 13 እንደ ሆኑ ፈለግን። ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል፤ ምክንያት ግን የለውም፤ 11 ብናደርገውም ያው ያምራል። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ታየን፤ ሥዕሉ ውብ ነበር፤ ጽሕፈቱ ግን ውብ አልነበረም። ሁለቱ ለየብቻ የሚመዘኑ ነገሮች መሆናቸውን እስከዚያ ቀን ድረስ አስበነው አናውቅም ነበር።

ይህን ለመምህራችን ስንነግራቸው ብዙ ንግግር አላደረጉልንም። ወደ ሰሌዳው ሄደው አንዲት መስመር ብቻ ጻፉና «እስቲ ይህችን አንብቡ» አሉን። መስመሯ ኮሞዶር 64 ለተባለው፣ በ1982 ዓ.ም. ለገበያ ለዋለው የቤት ኮምፒዩተር ቤዚክ በተባለው ቋንቋ የተጻፈች ናት። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሳት እንዲህ ትላለች፦ «በ205.5 ላይ በዕጣ የወጣውን ክፍልፋይ ደምር፤ ድምሩ የሚያመለክተውን ምልክት ጻፍ፤ ወደዚሁ መስመር ተመለስ።» ሌላ ነገር የላትም። ይሁን እንጂ ያን የድሮ ኮምፒዩተር አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም ስናሠራት ማያው መግቢያና መውጫው በማይታወቅ የመንገድ መረብ ተሞላ። መንገዱ ይታጠፋል፣ ይዘጋል፣ እንደ ገና ይከፈታል፤ ማያው ሲሞላም የላይኛው ተርታ እየጠፋ ከታች አዲስ ይጨመራል፤ ሰው ካላቆመው በቀር ማለቂያ የለውም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን! እዚህ ላይ ጥቂት እንድንዘገይ ፍቀዱልን፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ነውና። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት ቁጥር አለው። 205 ከላይ በግራ ጀምሮ ወደ ታች በቀኝ የሚወርድ ሰያፍ ጭረት ነው፤ 206 ደግሞ ከታች በግራ ጀምሮ ወደ ላይ በቀኝ የሚወጣ ሰያፍ ጭረት ነው። ዕጣው ከዜሮ ጀምሮ አንድ የማይሞላ ክፍልፋይ ያወጣል። ምልክቱን የሚጽፈው ትእዛዝ ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል የቀረውን ክፍልፋይ ቆርጦ ይጥለዋል። እንግዲህ ዕጣው ከግማሽ በታች ቢሆን ድምሩ 206 አይደርስምና 205 ይሆናል፤ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን 206 ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱ ጭረቶች አንዱ፣ በእኩል ዕድል፣ ይጻፋል ማለት ነው።

እኛ ብንሆን እንዴት እንጽፈው እንደ ነበር እናውቃለን፤ «ዕጣው ከግማሽ ቢያንስ ይህን ጻፍ፤ ባያንስ ያን ጻፍ» ብለን በሦስትና በአራት መስመር ነው። ትክክል ይሆን ነበር። ነገር ግን ያቺ ከ205 ቀጥላ የተቀመጠች ነጥብ አምስት የ«ቢሆን»ንና የ«ባይሆን»ን ሥራ ሁሉ ያለ አንዳች ቃል ትሠራዋለች። ይህ ሲገባን ከመካከላችን አንዱ ጮኾ ሳቀ። በሒሳብ ክፍል ውስጥ አጭር ማስረጃ ሲገኝ የሚመጣው ሳቅ ነው። ከትእዛዙ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንግሊዞች ሴሚኮለን የሚሏት ምልክት አለች፤ «በዚያው ተርታ ቀጥል፤ ወደ አዲስ ተርታ አትውረድ» ማለቷ ነው። እርሷን ብቻ ብንሰርዝ የመንገዱ መረብ ጠፍቶ በማያው ግራ ዳር አንድ ቀጭን ዓምድ ይቀራል። በዚያች መስመር ውስጥ ብትነሣ ሥዕሉን የማታፈርስ ፊደል የለችም ማለት ይቻላል። በእኛ አበባ ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ክፍል ሰርዘን ማንም አላወቀም።

ስለዚህች አንዲት መስመር አሥር ጸሐፊዎች ተባብረው በ2012 ዓ.ም. በኤም አይ ቲ ማተሚያ ቤት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የመጽሐፉም ስም ያችው መስመር ራሷ ናት። መጀመሪያ ስንሰማ ማጋነን መስሎን ነበር።

በመስመሯ ምክንያት ጠብም ተነሥቶ ነበር። ከእኛ ሁለቱ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተር ላይ እያሠሯት የወጣላቸውን ሥዕል አትመው ቢያመጡ ሁለቱ ሥዕሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኑ። አንዱ ሌላውን «ከእኔ ገለበጥህ» ብሎ ከሰሰው። በኋላ እንደ ተረዳነው ግን ማንም አልገለበጠም። ያ ኮምፒዩተር አዲስ በተከፈተ ቁጥር ዕጣውን የሚጀምረው ከአንድ ከተወሰነ ቁጥር ስለ ሆነ፣ በዚያው ትእዛዝ ሁልጊዜ ያንኑ ዕጣ በዚያው ቅደም ተከተል ያወጣል። ዕጣ የመሰለን ነገር አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። ይህንንም ሥዕሉን በማየት ብቻ ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ ጽሕፈቱን ማንበብና መመርመር ያስፈልጋል።

በዚያው ሰሞን ለሁለት ቀን መብራት ጠፋ። የኮምፒዩተሩ ክፍል ተዘጋ፤ እኛ ግን ነገሩ ስለ ያዘን መተው አልቻልንም። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ያለው የሒሳብ ደብተር ወረቀት አጣብቀን፣ ልክ እንደዚያ ኮምፒዩተር ማያ 40 ቤት በወርዱ 25 ቤት በቁመቱ፣ በጠቅላላው 1000 ቤት አሰናዳን። ከዚያ የአንድ ብር ሳንቲም እየወረወርን የአንበሳው ጎፈር ሲወጣ የሚወርደውን ጭረት፣ ሚዛኑ ሲወጣ የሚወጣውን ጭረት በእርሳስ ሠመርን። አንዱ ይወረውራል፤ አንዱ ይጠራል፤ አንዱ ይሥላል። እጃችን ቢዝልም የመንገዱ መረብ ከእርሳሳችን ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ ማየት በማያው ላይ ከማየት ይልቅ ደስ ይል ነበር። እኛ ራሳችን ኮምፒዩተር ሆነን ነበርና።

ይህን ያደረግን የመጀመሪያዎቹ እኛ መስሎን ነበር፤ አልነበርንም። ቬራ ሞልናር የተባሉ ሠዓሊ በ1924 ዓ.ም. በቡዳፔስት ተወልደው ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ኖረዋል። እኚህ ሴት ኮምፒዩተር ከማግኘታቸው በፊት፣ ከ1959 ዓ.ም. አንሥቶ፣ «የሐሳብ መኪና» ብለው በሰየሙት ዘዴ ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም ለራሳቸው ጥብቅ ሕግ አውጥተው፣ ሕጉን ደረጃ በደረጃ በገዛ እጃቸው እየፈጸሙ መሣል ነው። በ1968 ዓ.ም. በፓሪስ በኮምፒዩተር ለመሥራት ሲፈቀድላቸው ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምረው ጻፉ። በ1974 ዓ.ም. በሠሯቸው ሥዕሎች አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ አራት ማዕዘኖች ተርታ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ጥቂት መዛነፍ ተጨምሮባቸው የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ምን ያህል ይዛነፍ የሚለው በጽሕፈቱ ውስጥ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ ሠዓሊዋም ያን ቁጥር ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ እያደረጉ ዓይናቸውን ያማክሩ ነበር። በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. መቶኛ ዓመታቸው ሊሞላ አንድ ወር ያህል ሲቀረው አረፉ።

ከእርሳቸው ቀደም ብሎ በየካቲት 1965 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ጌኦርግ ኔስ የተባሉ የሒሳብ ሰው በኮምፒዩተር የተሠሩ ሥዕሎቻቸውን በከፍተኛው የቴክኒክ ትምህርት ቤት አሳይተው ነበር። ዝግጅቱን ያሰናዱት ፈላስፋው ማክስ ቤንዘ ናቸው። ከዝግጅቱ ጋር በወጣችው ትንሽ መጽሔት ውስጥ ኔስ እያንዳንዱ ሥዕል በምን ሕግ እንደ ተሠራ በጥቂት መስመር ጽፈዋል። እዚያ የነበሩ ሠዓሊያን ግን ተቆጡ፤ አንዱም ተነሥቶ ይህ መኪናዎ የእኔን የሥዕል አጣጣል ሊሠራ ይችላልን የሚል ጥያቄ እንዳቀረበ፣ ኔስም በእርግጥ ይችላል፤ ነገር ግን እርስዎ እንዴት እንደሚሥሉ አስቀድመው በግልጥ ሊነግሩኝ ይገባል ብለው እንደ መለሱ ይተረካል። እኛ ይህን ስናነብ ያስታወስነው እኚያን ሸማኔ አባት ነው። የጀርመኑ ሠዓሊ ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ እኛም ሳንመልሰው የቀረነው ጥያቄ ነበር።

የኔስ ስመ ጥር ሥዕል «ጠጠር» የሚባለው ነው። በአግድም 12፣ በቁመት 22 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ከላይ ያሉት እንደ ወታደር ሰልፍ የቀኑ ናቸው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ግን ይዘማሉ፤ ይሸሻሉ፤ ከሥር የተበተነ ጠጠር ይመስላሉ። ይህን ስናይ ከላይ ያለውን በአንድ ትእዛዝ፣ ከታች ያለውን በሌላ ትእዛዝ የሠሩት መስሎን ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትእዛዙ ለ264ቱም አራት ማዕዘኖች አንድ ነው፤ ዕጣው የሚያናውጥበት መጠን ብቻ ተርታ በወረደ ቁጥር ያድጋል። ሥርዓቱም መፍረሱም ከአንድ አፍ የወጣ ቃል ነው። ይህን አውቆ ወደ ሥዕሉ የተመለሰ ሰው ሥዕሉን እንደ ፊተኛው አያየውም፤ እኛ ቢያንስ አላየነውም።

አንዳንዶች ግን ጽሕፈቱን ሆን ብለው ደብቀውታል። ዮአን ሄምስከርክና ዲርክ ፓስማንስ የተባሉ፣ ሥራቸውን ጆዲ በሚል ስም የሚያወጡ ሁለት አርቲስቶች በ1995 ዓ.ም. በኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ አወጡ። ገጹን የከፈተ ሰው በጥቁር መደብ ላይ ትርጉም የሌለው የአረንጓዴ ቁጥርና ነጥብ ዝብርቅ ያያል፤ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብሎ ሊደነግጥም ይችላል። ወደ ገጹ ኮድ የገባ ግን በዚያው ቁጥርና ነጥብ የተሣለ የቦምብ ንድፍ ያገኛል። ምክንያቱም የኢንተርኔት ማሳያው የተደጋገመ ባዶ ቦታንና የመስመር መጨረሻን እንደ አንድ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ሁሉን አጣብቆ ስለሚያሳይ ነው። እኛ የቅኔ አገር ልጆች ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልገንም፤ ሰሙ በማያው ላይ ነው፤ ወርቁ በኮዱ ውስጥ ነው። ልዩነቱ፣ የጆዲ ሰም ራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ ይህንም በቅኔ መምህራን ዘንድ እንደ ጉድለት ይቆጠርባቸው ነበር ብለን እንገምታለን።

እንግዲህ «መዝሙር ለመስማት ኖታ ማንበብ ያስፈልጋልን?» የሚል ተቃውሞ ከክበባችን ውስጥ ሳይቀር ተነሥቷል። በእውነቱ ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። በጠዋቱ ጸሎት በአራት ድምፅ የምንዘምረውን ወላጆቻችን ያለ ኖታ ሰምተው ደስ ይላቸዋል፤ ምንም አልጎደለባቸውም። ደግሞም በጣም ያማረ ኮድ ደረቅ ሥዕል ሊያወጣ ይችላል፤ ዝርክርክ ኮድ ያማረ ሥዕል እንደሚያወጣማ የእኛ አበባ ምስክር ነው። ስለዚህ የኮዱ ውበት ለሥዕሉ ውበት ዋስ ነው አንልም። የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ አድማጩ ኖታ ባያነብ ግድ የለም፤ ዘማሪው ግን ሊያነብ ይገባዋል። እኛ በዚያ ኤግዚቢሽን ላይ በዘማሪዎቹ ቦታ ቆመን የአድማጭን ያህል እንኳ አናውቅም ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እንደ ኃጢአት የምንቆጥር እንዳይመስላችሁ። ሃሮልድ ኮኸን የተባሉት እንግሊዛዊ ሠዓሊ አሮን የተባለውን ራሱ የሚሥል ፕሮግራም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥተው በ2016 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ ሲጽፉና ሲያርሙ ኖረዋል። ማሽኑ ሣለ ይባላል፤ ነገር ግን ስለ መስመር፣ ስለ ቅርጽ፣ በኋላም ስለ ቀለም ያውቁት የነበረውን እየቆጠሩ ለማሽኑ የነገሩት እርሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ያለፈ ሥራ ነው። የእኛ አበባ የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያውም ግማሹን ሻይ ስንጠጣ።

አሁን ወደ ልመናችን እንመጣለን። ክቡር ርእሰ መምህር ሆይ! ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በኤግዚቢሽኑ ላይ በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕል ሁሉ ጽሕፈቱ በአጠገቡ እንዲሰቀል፣ የሠራውም ተማሪ ከጽሕፈቱ ውስጥ ዳኛው በጣቱ ያመለከተውን ማንኛውንም መስመር እንዲያስረዳ እንለምናለን። ኮዱን ማሽን ጽፎት እንደ ሆነም ይኸው ተጽፎ ይሰቀል፤ ማስረዳቱ ግን አይቅርለት። ይህ ሕግ ባለፈው ዓመት ኖሮ ቢሆን የምናፍረው እኛ ነበርን፤ ሆኖም ኀፍረቱ ከሽልማቱ በፊት ይሆን ነበር።

በሳንቲም የሣልነው ወረቀት ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ በስተቀኝ ተሰቅሏል፤ ሕጉም ከሥሩ በአንድ መስመር ተጽፏል። ቆጥረነዋል፤ ጎፈር 487፣ ሚዛን 512 ነው። ዛሬ ጠዋት እኚያ ሸማኔ አባት ለበዓሉ መጥተው ስለ ነበር ወስደን አሳየናቸው፤ ሕጉንም ነገርናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተርታ በተርታ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ከ17ኛው ተርታ ላይ ቆመው «እዚህ ጋስ ድሩ የት ሄደ?» አሉን። ሳንቲሙ ተንከባልሎ ከመጻሕፍት ሳጥኑ ሥር መግባቱን፣ ጎፈር ይሁን ሚዛን ሳንስማማ መቅረታችንን፣ ስለዚህም ያንን ቤት ባዶውን መተዋችንን ነገርናቸው።